የእናት አባታቸው ስም የት ሄደ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ እቶኑ እሳት ሲሰበክ ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ዳንኤልን ዳንኤል እንላለን፤ ጓደኞቹን ግን ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ። ይህን ስም እኮ ያወጣላቸው የባቢሎን ጃንደረቦች አለቃ ነው! የገዛ ስማቸው አናንያ፣ ሚሳኤል፣ አዛርያ ነበር፤ ሁሉም የእስራኤል አምላክ የሚጠራበት ስም። ዳንኤልንም ብልጣሶር ብለውት ነበር፤ ንጉሡ ናቡከደነፆር ራሱ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 4 ላይ ዳንኤል በእርሱ በንጉሡ አምላክ ስም እንደተጠራ በግልጽ ይናገራል።

ስም መቀየር ጌትነትን ማሳያ ነበር። ያው ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ማታንያን በይሁዳ ላይ ሲያነግሠው ሴዴቅያስ አለው። አዲሱ ስምም የዕብራውያን ነው። ቁም ነገሩ ሰጪው ማን እንደሆነ ነው።

ልጆቹ የንጉሡን ማዕድ እምቢ ሲሉ በስሙ ግን ሲከራከሩ አናይም፣ አንዳንዱም ይህን እንደ መሸነፍ ይቆጥረዋል። እኔ በፍጹም አልስማማም። እስቲ ምዕራፍ 2ን አንብቡት። ንጉሡ ጠቢባኑን ሁሉ ሊያስገድል ሲል ዳንኤል ቤቱ ሄዶ ነገሩን የነገረው ለአናንያ፣ ለሚሳኤልና ለአዛርያ ነው፤ ምሕረት እንዲለምኑ። እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ፣ ከንጉሡ ሹመት ሲጠይቅላቸው፣ ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ሆነው እናገኛቸዋለን። ለቤተ መንግሥቱ የተሰጣቸው ስም፣ ለጸሎቱ የራሳቸው።

ሰባኪዎቻችንም ጸሐፊዎቻችንም፣ በናታችሁ፣ ታሪካቸውን ስትነግሩን አናንያ፣ ሚሳኤል፣ አዛርያ ብላችሁ ጀምሩልን።

አንባቢያችሁ