እማዬ፣ ስለ መንገዱ ልንገርሽ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቪዛሽ ከወጣ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የመንገዱን ነገር ታነሺብኛለሽ። ስልኩ እየተቆራረጠ አላስወራን ስላለ ጻፍኩልሽ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» ብለሽኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ከአርባ ጊዜ በላይ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ግን አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ለነዳጅ የሚያርፍበት ተጨምሮ በ17 ሰዓት ገደማ እዚህ ነሽ።

መሃል ላይ ሲያርፍ እንዳትደነግጪ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ አሜሪካ ድረስ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ይሞላል፤ አንቺ እዚያው ወንበርሽ ላይ ትጠብቂያለሽ። ስትመለሺ ግን ይቀልሻል። የዚህ ኤርፖርት ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። በ13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ቦሌ ያደርስሻል።

«እዚያ ሰማይ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል» ያልሽው ነገር ደግሞ ከልቤ አልወጣም ነበር። አጣርቼልሻለሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ አየር እየታመቀ ይገባል። ውስጡ ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አገር ነው፤ በአዲሶቹ አውሮፕላኖች 1,800 ገደማ። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ዕድሜሽን ሙሉ የተነፈስሽው አየር ከዚያ ይሳሳል እማዬ! የሚያስቸግርሽ የአየሩ ድርቀት ነው። ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጪ። ብዙ ሰዓት ሲቀመጡ እግር ላይ ደም ሊረጋ ይችላልና፣ በየሰዓቱ ተነሺና ትንሽ ተራመጂ። መሄጃሽ ሳይደርስ ሐኪምሽንም አማክሪ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አጎቴ በዐረብ አገር በኩል የሚያልፍ ርካሽ ቲኬት ማግኘቱን ነግሮኛል። አሳቢነቱን አመሰግናለሁ፤ ግን አልስማማም። ርካሽ የሆነው አውሮፕላን ስለሚያስቀይር ነው። አንቺ በማታውቂው ትልቅ ኤርፖርት፣ በማትሰሚው ቋንቋ፣ በዚያ ጉልበት በር ፍለጋ እንድትንከራተቺ አልፈልግም። የጎረቤቴ እናት እንዲህ ስትመጣ ሌሊቱን ወንበር ላይ ነው ያደረችው። ልዩነቱን እኔ እከፍላለሁ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመጣሽ፣ ቦሌ ከገባሽበት አውሮፕላን የምትወርጂው እዚህ ነው። በአማርኛ የሚያናግርሽ አስተናጋጅ አለ፤ የጾም ምግብም አስቀድሜ አዝዝልሻለሁ። ዊልቸርም እጠይቃለሁ። እባክሽ «አልደከምኩም» ብለሽ እንዳትመልሺው፤ የፓስፖርቱ ሰልፍ ረጅም ነው።

መድኃኒትሽን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። በርበሬና ሽሮ አምጪ፤ ሲጠይቁሽ ይዣለሁ በያቸው። ቋንጣ ግን ተይው፣ ሥጋ ስለማያስገቡ ይወስዱብሻል።

ማታ 4 ሰዓት ገደማ ተነስተሽ ስትደርሺ በአገራችን ሰዓት ከቀትር በኋላ ይሆናል፤ እዚህ ግን ገና ጠዋት ነው። 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነን፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ ደግሞ 8። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍሽ ይዛባል፤ ሌሊት ብትነቂ ቀስቅሺኝ፣ ቡና እናፈላለን።

ለአጎቴ እኔው እደውልለታለሁ፣ አንቺ አትጨነቂ። ቲኬቱን የምቆርጠው ሐኪምሽ ይሁን ሲልሽ ነው፤ ቶሎ ሂጂና ያለሽን ንገሪኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ