ለወዳጄ፣ ስለቆመው ሰዓት

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምሽ? በጣም ተጠፋፋን። እማማስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም አለ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሰዓት ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሰዓት ቺፑ ጋር ስለሚያገናኘው ፕሮግራም ነው። ይህን ወሬ እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?

ሰሞኑን ፒሲኤፍ8523 ከሚባለው የሰዓት ቺፕ ጋር ነው የዋልኩት። መብራት ሲጠፋ በትንሿ ባትሪ ጊዜ ይቆጥራል ተብሎ ነው የሚገጠመው። የሚቆጥረውም በሰከንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ ከቆመ ቆጠራው የለም። ቺፑ ግን ሲጠየቅ አሁንም ሰዓትና ቀን ይሰጣል!

የምወደው ነገር ምን መሰለሽ? ሰከንድ ከ59 ስለማያልፍ 7 ቢት (0 ወይም 1 የሚይዙ 7 ቦታዎች) ይበቃዋል። 8ኛዋን የተረፈችውን ቢት ሠሪዎቹ ለምስክርነት አዋሏት። ኦሲሌተሩ (ክሪስታሉን የሚያርገበግበው ክፍል) አንዴ ከተቋረጠ 1 ትሆናለች፤ 0 እስኪጻፍባት ድረስም እንደዚያው ትቆያለች። ሰከንዱን ያነበበ እሷንም አንብቧል።

እኛ ጋ የነበረው የድሮ ኮድ ታዲያ ገና ሲነሳ ወደ 0 መልሶ ያጠፋት ነበር። ይሄ ያናድደኛል። ሊኑክስ (የኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወና) የማይታመን ሰዓት ተቀብሎ ይነሳል፣ የሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ቀን ይዘባረቃል፣ ደህና የነበረ የደኅንነት ሰርቲፊኬት «ጊዜው ገና ነው» ተብሎ ይጣላል። አሁን ያለው የሊኑክስ ድራይቨር ደስ ይላል፤ ቢቷ 1 ከሆነች ሰዓቱን አይሰጥም፣ ስሕተት ይመልሳል። የምትጠፋው አዲስ ሰዓት ሲሞላ ብቻ ነው።

ማጥፋቱን ስንተው ጉዱ ወጣ። መብራት በሄደ ቁጥር ቢቷ 1 ሆና ትገኛለች። ባትሪው ግን ሙሉ ነው! ለካ ይህ ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ባትሪ መቀየሪያው ዝግ ነው። በሦስተኛው መቆጣጠሪያ ሬጅስተር (የቺፑን ቅንብር የሚይዝ ቦታ) ላይ ያሉት ሦስቱ የላይኛ ቢቶች 111 ናቸው፤ 000 አድርገን ከፈትነው። አብዛኞቹ ቦርዶች ዳኑ።

የቀሩት ላይ ሰዓት ሞልተንም ቢቷ እንደገና 1 ትሆናለች። ክሪስታሉ ራሱ አልተነሳም ማለት ነው። ቺፑ ለክሪስታሉ 7 ወይም 12.5 ፒኮፋራድ የካፓሲተር ጭነት ያስመርጣል፤ ከክሪስታላችን ጋር አልገጠመ ይሆን? ወይስ ብየዳው ላይ የቀረ ፍላክስ (የብየዳ ማገዣ ኬሚካል) ነው? በዚህ ካንቺ የተሻለ ዓይን ያለው አላውቅም። ፎቶውን በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ እስቲ እይልኝ። የራስሽንም ወሬ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ወዳጅሽ