ወደ ፖርታሉ ከመግባትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትምህርት ቤት ለመቀየር ወደ ትራንስፈር ፖርታል፣ ማለትም ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ የኮሌጅ ስፖርተኞች ስም ወደሚጻፍበት መዝገብ፣ ልትገቢ እንደሆነ እናትሽ ነገረችኝ። ግቢም አትግቢም አልልሽም። ብቻ ስምሽ ከመጻፉ በፊት፣ ኮሌጅ ስፖርት ውስጥ ፈሰሰ የሚባለው ገንዘብ እንዳንቺ ያለች የረጅም ርቀት ሯጭ ጋ ሲደርስ ስንት እንደሚሆን አብረን እናስላው።

ገንዘቡን ያመጣው ቴሌቪዥን ነው። ቢግ ቴን የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ በ2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የፈረመው የሰባት ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2024 እነዩሲኤልኤንና ኦሪገንን ከምዕራብ ጠረፍ አንሥቶ ከኒው ጀርዚው ራትገርስ ጋር አንድ ሊግ ውስጥ የከተታቸው ይኸው ገንዘብ ነው፤ የተነሡበት ሊግ ፓክ-12 ደግሞ ሁለት ትምህርት ቤት ይዞ ቀረ። ከዚያ ጁን 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን፣ ስፖርተኞች የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራውን ኤንሲኤኤን ከሰው የተደረሰበትን የሃውስን ስምምነት አጸደቁ። ከጁላይ 1 ጀምሮ ስምምነቱን የተቀበለ ትምህርት ቤት ለስፖርተኞቹ በቀጥታ መክፈል ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት (የ2025-26) ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ይህ እንዴት ይከፋፈላል? ለዚህ ይህን ያህል ይሰጥ የሚል ድንጋጌ የለም። ብዙዎቹ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች የያዙት ቀመር ግን 75 ከመቶ ለአሜሪካን ፉትቦል፣ 15 ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 ለሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ የቀረው 5 ለሌላው ሁሉ የሚል ነው። አምስት ከመቶው 1,025,000 ዶላር ገደማ ይመጣል። ዋናተኛውም፣ ቤዝቦል ተጫዋቹም፣ ሯጩም ተቆጥሮ 400 ሰው ቢካፈለው ለአንዱ 2,500 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ያውም እኩል ከተካፈሉት ነው፤ እኩል አይካፈሉትም። አዲስ የተጨመረ ስኮላርሺፕም እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ከዚያው ጣሪያ ይቀነሳል። ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ “እኛ ጋ ሬቨኒው ሼር (የገቢ ክፍፍል) አለ” ካለሽ፣ “ለሴቶች የርቀት ሯጮች ዘንድሮ ስንት ዶላር ተመደበ?” ብለሽ ጠይቂ። መልሱ በቁጥር ካልመጣ የለም ማለት ነው።

አንቺን ይበልጥ የሚነካሽ የቦታው ቁጥር ነው። ድሮ ገደቡ በስኮላርሺፕ ላይ ነበር። የሴቶች ትራክና አገር አቋራጭ አንድ ላይ 18 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበራቸው፣ የወንዶቹ 12.6። አሰልጣኞች ያንን ቆራርሰው ለብዙ ልጅ ያዳርሱ ነበር፤ ያለክፍያ የሚሮጡ ዎክ-ኦኖችም እንደልብ ነበሩ። አሁን በስምምነቱ ውስጥ በገቡት ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፑ ገደብ ተነሥቶ የሰው ቁጥር ተገድቧል፤ ለአገር አቋራጭ 17፣ ለትራክ 45። አንቺ ሁለቱም ላይ ስለምትሮጪ ሁለት ቦታ ትይዣለሽ። በሻምፒዮና የሚሮጡት 7፣ ነጥባቸው የሚቆጠረው 5 ስለሆኑ 17 ሰፊ ይመስላል። ግን ርቀት ሯጭ የሚበስለው ቆይቶ ነው፤ ሦስተኛ ዓመቷ ላይ የምትፈነዳ ልጅ አንደኛና ሁለተኛ ዓመቷን የምትቆይበት ቦታ ያስፈልጋታል። የጠበበው እሱ ነው። ያንን ቦታ ደግሞ አሰልጣኙ ዛሬ 10,000 ሜትር በፈጣን ሰዓት ለምትሮጥ የሃያ ሦስት ዓመት ኬንያዊት ቢሰጠው አልፈርድበትም፣ እሱም ሥራውን የሚጠብቀው በነጥብ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ አሰልጣኝ እነዚህን ጻፊ፦ ትምህርት ቤታችሁ የሃውስ ስምምነት ውስጥ ገብቷል? ከ45ቱ ስንቱ ለርቀት ሯጭ ነው? በሚቀጥለው መከር ከ17ቱ ስንት ቦታ ክፍት ይሆናል? ስትሬስ ፍራክቸር (የአጥንት ስንጥቅ) ይዞኝ አንድ ዓመት ባልሮጥ ቦታዬ ይጠበቃል? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለያት። በዲቪዥን አንድ (በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ሕግ ስኮላርሺፕሽን በጉዳት ወይም በውጤት ምክንያት መቀነስ አይቻልም። ሮስተር (የቡድኑ ስም ዝርዝር) ላይ መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡን እያገኙ ከቡድኑ መውጣት አለ።

ደግሞ ቡድኑ ራሱ ይኖራል ወይ? ዋሽንግተን ስቴት በ2025 ዝላይና ውርወራን ሰርዞ ትራኩን ወደ ርቀት ሩጫ አጠበበ። ለርቀት ሯጭ ደላት ብለሽ እንዳትደሰቺ፤ ዘንድሮ ወርዋሪውን ያሰናበተ በጀት ከርሞ ማንን እንደሚያይ አይታወቅም። የካሊፎርኒያው ካል ፖሊም በዚያው ዓመት የውሃ ዋና ቡድኑን ዘግቷል።

ፖርታሉ ላይ የሚያጠፋው ቅደም ተከተሉ ነው። ጥያቄሽን በጽሑፍ ለኮምፕሊያንስ ቢሮ (የስፖርት ሕጉን መከበር ለሚከታተለው የትምህርት ቤትሽ ክፍል) ታቀርቢያለሽ፤ እነሱ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ስምሽን ያስገባሉ። ከዚያ በፊት የሌላ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ሊያናግርሽ አይፈቀድለትም። ስምሽ በገባበት ቅጽበት ግን ያሁኑ ትምህርት ቤትሽ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ስኮላርሺፕሽን ማቆም ይፈቀድለታል፤ ቦታሽንም ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ነው። ይገባሉ፣ የሚፈልጋቸው ይጠፋል፣ ወደ ነበሩበት ሲመለሱ በሩ ተዘግቷል። ሰዓትሽን ከቡድኑ አምስተኛ ሯጭ ሰዓት ጋር አስተያዪው። ከእሷ ካልፈጠንሽ ቡድኑ ላንቺ ብሎ ብዙ አያወጣም።

ክሬዲትሽንም አስቆጥሪ። ሦስተኛ ዓመትሽን ስትጀምሪ በምትማሪው ዲግሪ 40 ከመቶውን፣ አራተኛውን ስትጀምሪ 60 ከመቶውን ጨርሰሽ መገኘት አለብሽ። አዲሱ ትምህርት ቤት ሦስት ኮርስ አልቀበልም ካለ፣ ተመዝግበሽም መወዳደር ላትችዪ ነው። የሬጅስትራሩን ግምገማ በጽሑፍ ሳትይዢ አትፈርሚ።

የስኮላርሺፕ መቶኛ ያታልላል። ለምሳሌ ከስቴት ውጭ ዓመታዊ ወጪው 62,000 ዶላር የሆነ ትምህርት ቤት 30 ከመቶ ቢሰጥሽ 18,600 ነው፤ እኛ ላይ 43,400 ይቀራል። በስቴታችን ያለው ምንም ሳይሰጥሽ 32,000 ቢሆን ይሻላል። ስፖርተኛን ከትምህርት ቤት ጋር ያስር የነበረው ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንቴንት በ2024 ስለቀረ አሁን የሚያስረው የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ ድጋፍ) ውሉ ነው። በመቶኛ ሳይሆን በዶላር መጻፉን፣ ለስንት ዓመት እንደሆነና የበጋ ኮርስን መያዝ አለመያዙን እዪ።

የኤንአይኤል፣ ማለትም በስምሽና በምስልሽ የሚገኘው ገንዘብ፣ ነገር አጭር ነው። ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ውል ሁሉ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ኤንአይኤል ጎ በሚባለው መዝገብ ይገባል። ውሉን ስታነቢ “ለዘላለም”፣ “በብቸኝነት” እና “በራሱ ይታደሳል” የሚሉትን ፈልጊ፤ ካገኘሽ አስወጪ ወይም ተዪው። ቡድኑ የአንድ ጫማ ኩባንያ ከለበሰ አንቺ ከሌላው ጋር ብትፈርሚ ውድድር ላይ ልታደርጊው አትችዪም። ቅድሚያ ገንዘብ እንስጥሽ፣ በኋላ ከገቢሽ እንቀንሳለን የሚል ከመጣ ስልኩን ዝጊ። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ፉትቦል ተጫዋች ጀርቮን ዴክስተር በ2022 ለ436,485 ዶላር ብሎ፣ ፕሮፌሽናል ሲሆን ከሚያገኘው ቅድመ-ታክስ ገቢ 15 ከመቶውን ለ25 ዓመት ፈርሞ ሰጠ፤ በዓመቱ ፍርድ ቤት ሄደ።

ታክሱን አትርሺ። የተጣራ ገቢሽ ከ400 ዶላር ካለፈ ፎርም ባይላክልሽም ማሳወቅ አለብሽ። 3,000 ዶላር ብታገኚ የሰልፍ-ኢምፕሎይመንት (ለራስ ተሠርቶ በተገኘ ገቢ ላይ የሚከፈለው) ታክስ ብቻ 424 ዶላር አካባቢ ነው፤ በነጻ የተሰጠሽ ጫማም በዋጋው ይቆጠራል። እኛ ጥገኛ አድርገን ስለምናስመዘግብሽ፣ የታክስ ፎርምሽን ስትሞዪ “ሌላ ሰው ሊያስመዘግበኝ ይችላል” የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጊ። ከስኮላርሺፕ ለትምህርትና ለመጽሐፍ የዋለው አይታከስም፣ ለማደሪያና ለምግብ የተከፈለው ይታከሳል። ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው) ወደኋላ ስለሚያይ የ2026 ገቢሽ የሚታየው በ2028-29 ማመልከቻ ላይ ነው።

ቡድንሽ ውስጥ በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ የመጡ የሐበሻ ልጆች ካሉ ግን እንዳንቺ አድርጉ ብለሽ እንዳትመክሪያቸው። ለስፖንሰር ቪዲዮ መሥራት ያለፈቃድ የተሠራ ሥራ ተብሎ ቪዛቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል። መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን፣ ቀጥሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግሩ።

ያሁኑን የስኮላርሺፕ ወረቀትሽንና ትራንስክሪፕትሽን እስከ ዓርብ በስልክ አንሥተሽ ላኪልኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርገን እናያቸዋለን። ለኮምፕሊያንስ እስከዚያ ምንም አትጻፊ።

አባትሽ