ስም አይጠራብን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ገጠሩ ውስጥ ቤት ለቤት የምዞር ነርስ ነኝ። እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ኩበት ይነዳል። ባለፈው አንድ ቤት ስገባ የእማማ ዓይን ቀልቶ እንባ ያፈሳል፣ የልጅ ልጃቸው ምድጃው አጠገብ ተኝቶ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ጭሱ ህፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል፣ ግን «መስኮት ክፈቱ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው ብርዱንስ ማን ይችለዋል? ቁጭ ብለን አወራን፣ ከምድጃው በላይ ጭስ ማውጫ እንዲከፈት እሳቸው ራሳቸው ወሰኑ፣ ልጁን በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ላክነው።

በጣም ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች 7ቱ የንፅህናና የአካባቢ ጤና ነበሩ፣ ብዙ ቤት ለውጧል። በቅርቡ ግን አንድ ስብሰባ ላይ ሽንት ቤት የሌላቸው ሰዎች ስማቸው ተጠራ፣ መረጃው ደግሞ እኔ አምነውኝ ቤታቸው አስገብተውኝ የመዘገብኩት ነው! አንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትስብ አየሁ። አሁን እሷ ጋ ስሄድ በሩ አይከፈትልኝም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የ3 ወር ህፃን አላት ክትባቱን እንዴት ልከታተል? እባካችሁ ሪፖርቱ በቁጥር ብቻ ይቅረብ፣ ጉድጓድ ለመቆፈር አቅም ያነሳቸውንም ጎረቤት በደቦ ያግዛቸው።