አባዬ፣ እሑድ ሁለት ለአንድ ተሸነፍን

ረቡዕ፣ የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ጾሙስ እንዴት ይዞሃል? ለጉልበትህ የላክሁልህ ቅባት ተስማማህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እሑድ ማታ ደውለህ "ጨዋታው እንዴት ሆነ?" ስትለኝ "ተሸነፍን፣ በኋላ እነግርሃለሁ" ብዬ ዘጋሁብህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ብቀጥል ኖሮ አለቅስ ነበር። እሱን ደግሞ በስልክ እንድትሰማ አልፈለግሁም። ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፍልህ።

ዕለቱ ቅበላ ነበር። ቅዳሜ ማታ ከማሠለጥናቸው ልጆች እናቶች ጋር በስልክ ስከራከር አመሸሁ። ግማሾቹ "ነገማ ሥራ አለባት" አሉኝ። "ከምሳ በፊት በእጄ እመልሳታለሁ" እያልኩ አንድ በአንድ ለመንኳቸው። ደግነቱ 18ቱም መጡ። አንዷ የሽንኩርት ሽታ እጇ ላይ እንዳለ ነው የመጣችው። ሌሊት ተነስታ ከትፋ ጨርሳ!

ጃን ሜዳን አሁን ብታየው ታዝን ነበር። በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ተዛውሮበት የነበረ ጊዜ ትዝ ይልሃል፣ ጭቃውን በቴሌቪዥን አይተህ "ሜዳውን ገደሉት" ያልከው? ከዚያ አገግሟል። ግን ከጥምቀት ወዲህ ሣሩ ተረጋግጦ አቧራው ይጨሳል። ልጆቹ ሲሮጡ ከቁርጭምጭሚታቸው በታች አይታዩም።

ጨዋታው የመጀመሪያው ዙር መዝጊያ ነበር። ስምንት የሰፈር ፕሮጀክት ቡድኖች ነን፣ ሁላችንም ከ15 ዓመት በታች ሴቶች። እስከዚያ ቀን ሦስት አሸንፈን፣ ሁለት አቻ ወጥተን፣ አንድ ተሸንፈናል። የገጠመን ቡድን ደግሞ በማንም አልተሸነፈም። ልጆቹ ረጃጅም ናቸው፣ ኳስ ይዘው አይደናገጡም። ገና በ12ኛው ደቂቃ አገቡብን። እኛም አልተኛንም። ዕረፍት ሊወጣ ሲል ከማዕዘን የተሻማችውን አምበላችን በቴስታ አስቆጠረች። አባዬ፣ ብታያት! ከሁሉም አጭሯ ተከላካይ ጀርባ ተደብቃ ቆይታ ድንገት ብቅ አለች። አንድ ለአንድ ሆነን ለዕረፍት ወጣን።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ኅዳር ላይ ልምምድ ስንጀምር ልጆቹን ሰብስቤ ቃል ገብቼላቸው ነበር። "የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ እያንዳንዳችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ አጋማሽ ትጫወታላችሁ" ብያቸዋለሁ። ይህን ያልኩት ለማስደሰት ብቻ አልነበረም። ተጠባባቂ ላይ ብቻ የምትቀመጥ ልጅ ወር አትቆይም፣ ትቀራለች። ቤት ደግሞ ሥራ ሞልቷል። ሜዳ ካልገባች እናቷ ለምን ትልካት?

17ቱ ተጫውተዋል። አንዷ ብቻ ቀረች፣ ሁለተኛዋ በረኛ። 12 ዓመቷ ነው። ለክታታለሁ፣ 1 ሜትር ከ42 ናት። የምንጫወትበት አንግል ግን የትልልቅ ሰዎች ነው፤ ከፍታው 2 ሜትር ከ44፣ ስፋቱ 7 ሜትር ከ32። እጇን ዘርግታ ብትዘልም አግዳሚው ከእሷ በላይ ሩቅ ነው። ለልጆች የሚሆን አንግል የለንም፣ ያለው ይኸው ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ "በሚቀጥለው አስገባታለሁ" እያልኩ አለፍኳት። አራት ለዜሮ ስንመራ እንኳ ፈራሁ። ይኼው መጨረሻው ጨዋታ ደረሰ።

ዕረፍት ላይ ጓንቱን ከአንደኛዋ በረኛ ወስጄ ሰጠኋት። ያለን አንድ ጥንድ ጓንት ነው። ውስጡ በላብ ርሷል፣ ለእሷም ይሰፋታል። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ባዶ ሆነው ይንከላወሳሉ። ምንም አላለችም። ማሰሪያውን በጥርሷ አጠበቀችና ወደ አንግሉ ሄደች።

የሚገርምህ ጎበዝ ነበረች። ሁለት ኳስ እግሯ ሥር ተወርውራ ያዘች። አንዷን ከአጥቂዋ ታኬታ ላይ ነው የነጠቀቻት፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው የእነሱ አማካይ ከርቀት አሻማች። ጎል ብላ እንኳ አልመታችም። ግን እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ኳስ ከድሬዳዋው ይልቅ ትበራለች፣ ስትወርድም ታታልላለች። ልጅቷ ሁለት እርምጃ ወደፊት ወጣች። ከዚያ ነገሩ ገብቷት ወደኋላ ሮጠች፣ ዘለለችም። ኳሷ የጓንቱን ባዶ ጫፎች ነክታ ከአግዳሚው ሥር ገባች።

መረቡ የተቀደደ ነው። ኳሷ በቀዳዳው አልፋ እየተንከባለለች ሄደች። የእነሱ ልጆች ሲጨፍሩ እሷ ተከትላት ሮጠች። አምጥታ መሀል ሜዳ ላይ አስቀመጠችልን፣ ጊዜ እንዳይባክን ብላ። ከዚያ ተመልሳ አንግሏ ውስጥ ቆመች። አባዬ፣ እኔ ያን ጊዜ ነው የተሸነፍኩት።

ፊሽካው ሲነፋ የአንዷ ልጅ አባት መጥቶ "ደህና የያዘችውን በረኛ ማን ቀይሪ አለሽ?" ብሎ ሰው ፊት ተቆጣኝ። እሱ ይሁን፣ ልጁ ስለተሸነፈችበት ነው። የከበደኝ የአንደኛዋ በረኛ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አሠልጣኝ፣ እኔ ብሆን እይዛት ነበር" አለችኝ። በትዕቢት አይደለም፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ምን ልበላት? "አዎ፣ ትይዣት ነበር" አልኳት። እውነቱ እሱ ነው። 14 ዓመቷ ነው፣ ከእኔ ትረዝማለች።

ታክሲ ውስጥ ማንም አይናገርም። ረዳቱ ማሊያቸውን አይቶ "እሺ የኛ ልጆች፣ አሸነፋችሁ?" አለ። ዝም። ከኋላ ወንበር ያቺ ትንሿ "ሁለት ለአንድ ተሸነፍን፣ ሁለተኛዋ በእኔ ነው የገባችው" አለች። ልክ የታክሲ ሂሳብ እንደምትነግረው። አምበሏ ዘወር ሳትል "እኔም ባዶ ጎል ስቻለሁ" አለች። እውነቷን ነው፣ 50ኛው ደቂቃ አካባቢ ስታለች። ከዚያ አንዷ ሙዝ አወጣች፣ ዳቦውም ተቆረሰ። እስከ ሰፈር ድረስ ሲያወሩ ሄዱ።

ሦስት ቀን ሳስብበት ከረምኩ። ልጅቷን ማስገባቴ አይቆጨኝም። ቃል ነው፣ ዛሬም ቢሆን አስገባታለሁ። ጥፋቴ ሌላ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ በፍርሃቴ አቆይቻት፣ ከሁሉም ከባዱ ጨዋታ ላይ ጣልኳት። አራት ለዜሮ በመራንበት ቀን ገብታ ቢሆን ኖሮ ብትሳሳትም ማንም አያስታውሰውም። እሷም የአንግሉን ርቀት ትለምደው ነበር። ይህን ማክሰኞ ልምምድ ላይ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት ነገርኳት። "የእኔ ጥፋት ነው፣ አንቺን አዘግይቻለሁ" አልኳት።

አንተ እንደዚያ አላደረግህም። ድሬ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ከ1998ቱ ጎርፍ በፊት፣ የምድር ባቡር ሠራተኞችን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ታጫውተን በነበረ ጊዜ እኔን ብቸኛዋን ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን ነው አንግል ውስጥ ያቆምከኝ። አንግሉም ሁለት ድንጋይ ነው። የወርክሾፑን የቆዳ ጓንት ጣቱን ቆርጠህ ሰጠኸኝ፣ የግሪስ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የመጋላ ልጆች አምስት አገቡብኝ። ወደ ከዚራ ስንመለስ ስለ አምስቱ ጎል አንድም ቃል አልተናገርክም። ዛፎቹ ሥር በቀስታ እየሄድን ስለ ዛየሮች፣ ስለ ዛሬዎቹ ኮንጎዎች፣ ነገርከኝ።

አስበኸዋል ግን? ያ የአፍሪካ ዋንጫ ዘንድሮ 50 ዓመት ሞላው። የካቲት 1968፣ አንተ የ19 ዓመት ወጣት፣ ድሬዳዋ ስታዲየም። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየር። ዛየሮች ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን ወስደዋል፣ የዓለም ዋንጫም ደርሰው መጥተዋል። ድሬ ላይ ግን በናይጄሪያ አራት ለሁለት፣ በሞሮኮ አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። አንድም ጨዋታ ሳያሸንፉ ከምድቡ መጨረሻ ሆነው ሄዱ። ሞሮኮ ዋንጫውን በላ። አንተ ግን ስለ ሞሮኮ ብዙም አትነግረኝም ነበር። ሁልጊዜ ስለ ዛየሮች ነው የምታወራው፣ ኳስ እንዴት እንደሚያስቀምጡ፣ እንዴት እንደሚሮጡ።

ማክሰኞ ከልምምድ በኋላ ይህንኑ ለትንሿ ነገርኳት። ጓንቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ "ከዚያስ? ያን ቀን ጨዋታው ሲያልቅ ምን አደረጉ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ለካ አንተን ጠይቄህ አላውቅም። "አባቴ እዚያ ነበር፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ" አልኳት።

ሁለተኛው ዙር ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀመራል። የመጀመሪያውን አጋማሽ እሷ ናት የምትገባው፣ ለሁለቱም በረኞች ነግሬያቸዋለሁ። ጉልበትህ ከቻለልህ በባቡር ና፣ ለቡ ጣቢያ መጥቼ እቀበልሃለሁ። "አዲሱ ባቡር የእኔ ባቡር አይደለም" እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ና።

እስከዚያ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከልምምድ በፊት ደውልልኝ። ሞሮኮ አንድ ለዜሮ ያሸነፋቸው ዕለት ፊሽካው ሲነፋ ዛየሮቹ ሜዳው ላይ ቀሩ ወይስ ወዲያው ወጡ? በረኛቸውስ? ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ፣ እየጠበቀችኝ ነው።

እማዬን ሳምልኝ።

የምትወድህ ልጅህ