ሁለተኛ ዳኛ ያስፈልገኛል

ይድረስ ለእህት ዓለም፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴን ይቅር በዪኝ፤ ምክንያቱን ብዘረዝር ግማሹን እንኳ እንደማታምኚኝ ስለማውቅ፣ ደብዳቤውን በሰበብ ከምሞላው የመጣሁበትን ጉዳይ ብናገር ይሻላል። አልዋሽሽም፤ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ቸግሮኝ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ መመዝገቤን ከሌላ ሰው ሳትሰሚ አልቀረሽም። የገባሁት ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው፤ በ1990 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡትንም እንዲያስተምር ተብሎ የተቋቋመው የዚያ ትምህርት ቤት ወራሽ ነው። «መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ ማስተርስ ምን ያደርጋል?» ብለሽ የሳቅሽብኝን አልረሳሁም። እነሆ፣ እስካሁን አንድም መደርደሪያ አላየሁም፤ ያየሁት ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ ነው፤ እርሱንም የሚያስረዱኝ «እትዬ» እያሉ የሚጠሩኝ፣ ከልጄ እምብዛም የማይበልጡ የክፍል ጓደኞቼ ናቸው።

የመመረቂያ ጥናቴ በአማርኛ ጽሑፍ ፍለጋ ላይ ነው። ሰው አንድ ጥያቄ ሲጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ ከተከማቹት የጋዜጣ ጽሑፎች መካከል ለጥያቄው የሚስማሙትን መርጦ፣ ይበልጥ የሚስማማውን ከላይ እያስቀደመ እንዲያቀርብለት ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ልነግርሽ የፈራሁት ነገር አለ። ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐና ብዙኃኑን ኀ ከሃሌታው ሀ፣ ዓይኑን ዐ ከአልፋው አ፣ ፀሐዩን ፀ ከጸሎቱ ጸ ጋር ጨፍልቄ አንድ አድርጌያቸዋለሁ። በአራሚነት ዘመንሽ ዘጋቢዎቹን በቀይ እስክሪብቶ ስታስለቅሺ የኖርሽ ሰው፣ ይህን ስታነቢ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ይታየኛል። ነገር ግን ጸሐፊው «ሥራ» ብሎ የጻፈውን ፈላጊው «ስራ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ፈጽሞ የማይተዋወቁ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትም ሲካተት ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ስለተሰጠው፣ ድምፃቸው አንድ መሆኑን የሚነግረው ሰው ከሌለ በራሱ አያውቅም። ጉዳቱንም አልሸሽግሽም፤ ስለ አንድ ሠዓሊ የጠየቀ ሰው «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚል ጸሎት የተጠቀሰበት ጽሑፍ ሊመጣለት ይችላል። ይህን የምዕራፉ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ጽፌዋለሁ፤ የጻፍሁትም አንቺን እያሰብሁ ነው።

አንድ ቃል በየመልኩ ቢጻፍም ፍለጋው እንዲያገኘው፣ ከቃል ላይ ቅጥያ መግፈፉ ሌላ ጣጣ አለው። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአማርኛ ቃል ከፊትና ከኋላ የተለጠፈውን እየገፈፉ ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ የሚያወርዱበትን መንገድ አሳይተዋል፤ የእኔ ጀማሪ ፕሮግራም ግን መነሻ ላይ ያለውን ሁሉ መስተዋድድ እየመሰለው፣ ከበደ የተባለውን ሰው «በደ»፣ በላይ የተባለውን «ላይ» እያደረገ አስቆኛል። ይህ ተቀምጬ የማስተካክለው ነው፤ ሰው የሚያስቸግር ጉዳይ አይደለም።

እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ በትክክል መፈለጉን በምን እናውቃለን? በዚህ መስክ መልሱ የተለመደ ነው፤ በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ በክራንፊልድ የአቪዬሽን ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሲሪል ክሌቨርደን (እንደ እኔው የመጻሕፍት ጠባቂ መሆኑን ልብ በዪልኝ) 1,400 ጽሑፎችንና 225 ጥያቄዎችን ይዞ፣ የትኛው ጽሑፍ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚስማማ አስቀድሞ በሰው አስፈረደ፤ ከዚያ በኋላ የፍለጋ ዘዴዎችን ሁሉ በዚያ ፍርድ መዘናቸው። እስከ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ቀመሩ ምንም ያህል ቢረቅ፣ ከሥሩ የተቀመጠው ወረቀት አንብቦ «ይስማማል» ወይም «አይስማማም» ያለ ሰው ነው። እዚያ የተቀመጥሁት ደግሞ እስካሁን እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ከጥያቄዎቼ አንዱ «በጣና ሐይቅ የተስፋፋውን የእምቦጭ አረም ለማስወገድ ምን ተደረገ?» የሚል ነው። አንድ ጽሑፍ አለ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያትተው ስለ ዓሣ ዋጋ መወደድ ሆኖ፣ መካከሉ ላይ አንድ አሥጋሪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንደሩ ሰዎች ጋር እየወጡ አረሙን በእጃቸው ነቅለው ወደ ዳር እንደሚያወጡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው ይስማማል? እኔ ይስማማል ብያለሁ። አብራኝ የምትማር ልጅ ለሙከራ ብትፈርድልኝ አይስማማም አለች፤ ምክንያቷን ብጠይቃት፣ ፈላጊው ገጹን ከፍቶ ስለ ዓሣ ገበያ ሲያነብ ጊዜው በከንቱ እንደጠፋ ይሰማዋል አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ግን ፍርዴን አልለወጥሁም፤ ሌሎቹ ጽሑፎች ስለ ማሽን ግዥና ስለ ስብሰባ ሲያወሩ፣ እጁን ውሃው ውስጥ የከተተ ሰው የተናገረው እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ልዩነት ሊጠበቅ የሚገባው ነው፤ አማካሪዬም ያሉኝ ይህንኑ ነው። የሚፈለገው ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ፈርደው፣ ምን ያህል እንደተስማሙ መለካቱ ነው። መለኪያው ጄከብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ካፓ የሚባል ቁጥር ነው፤ ሁለቱ ዳኞች በሁሉም ከተስማሙ 1 ይሆናል፣ ስምምነታቸው በዕድል ከሚገኘው ካልበለጠ 0 ይሆናል። ከብዙ ጽሑፍ መካከል ለአንድ ጥያቄ የሚስማማው ጥቂት ስለሆነ፣ ሁለት ሰነፎች ሳያነቡ «አይስማማም» እያሉ ቢያልፉ እንኳ የተስማሙ ይመስላሉ፤ ካፓ ይህን የሐሰት ስምምነት ይቀንሰዋል። በጣም ወድጄዋለሁ፤ ስብሰባ ላይ ያለ ስምምነትም በዚህ ቢለካ ብዬ ተመኝቻለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ጥያቄዎቹን የጻፍሁት፣ ጽሑፎቹን የሰበሰብሁት፣ ፕሮግራሙንም የሠራሁት እኔው ነኝ። የሚያጠራጥር ጽሑፍ ሲገጥመኝ፣ ፕሮግራሜ ከላይ ያስቀመጠው መሆኑን ካወቅሁ ልቤ ወደ «ይስማማል» ሲያዘነብል ይሰማኛል፤ ይህን ለሌላ ሰው አልተናገርሁም። ስለዚህ የማወዳድራቸውን የሁለት የፍለጋ ዘዴዎች ውጤቶች ቀላቅዬ፣ ቅደም ተከተላቸውን አፋልሼ፣ ከየት እንደመጡ ሳልጽፍ አዘጋጅቻቸዋለሁ። ሠላሳ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሃያ ያህል ጽሑፎች አሉት። ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ደስ እንዲለኝ ብለው ይፈርዱልኛል፤ አንቺ ግን እኔን ለማስደሰት ብለሽ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልፈሽ አታውቂም። ባሕር ዳር መኖርሽ ስለ እምቦጩ ከጽሑፉ በላይ እንድታውቂ ያደርግሻል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ሐይቁ የሚጠይቅ ሰውስ ከሐይቁ ዳር ቢሆን ምን ክፋት አለው?

ክፍያውን እንዴት እንደማነሣው ጨንቆኛል። ልክፈልሽ ብል ትቆጪኛለሽ፤ ዝም ብል ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ላሠራሽ የመጣሁ ይመስላል፤ ቢመስልም አይፈረድብሽም። ጊዜ ከሌለሽ፣ ወይም ዓይንሽ እንደ ድሮው እያስቸገረሽ ከሆነ፣ አይሆንም በዪኝ፤ አልቀየምም። እሺ ካልሽ ወረቀቶቹን አሳትሜ በአውቶቡስ እልክልሻለሁ፤ ከጾሙ መግቢያ በፊት ቢመለሱልኝ ይበቃኛል። በየጽሑፉ ግርጌ አንዱን ምልክት ብቻ አድርጊ፤ ፊደል አታርሚ፣ እለምንሻለሁ።

አንድ አስቸጋሪ ሕግ አለ። ፈርደሽ እስክትጨርሺ ድረስ ስለ ጽሑፎቹ ልንነጋገር አንችልም፤ ከተመካከርን የሁለት ሰው ፍርድ መሆኑ ቀርቶ መለኪያው ዋጋ ያጣል። ስለ እናትሽ ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አዲሱ ቤት ግን በፈለግሽ ሰዓት ደውዪልኝ፤ ስልክ ቁጥሬ ያው ነው። ስለ ዓሣው ጽሑፍ አስቀድሜ ስለነገርሁሽ ከአንቺ ድርሻ ላይ አውጥቼዋለሁ።

እህትሽ