«የጾም ነው» ማለት ጤናማ ነው ማለት አይደለም

ሰላም ለዝግጅት ክፍላችሁ። ሥጋንና የአትክልት ምግብን እያወዳደራችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን እኛ ድሬዳዋ ያለን እናቶች ቤት የገባው ጣጣ እሱ አይደለም። ሥጋማ ከስንት አንዴ ነው፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። በየቀኑ የሚበላው የታሸገው የፋብሪካ ምግብ ነው፤ እናንተ ደግሞ እሱን ሳትነኩት አለፋችሁ።

በሁዳዴ አንድ ቀን የልጄን ምሳ ዕቃ ስከፍት ምስር ወጡ እንዳለ ነው። እንጀራው ጠርዙ ደርቋል። ከቦርሳው ሥር ባዶ የቺፕስና የብስኩት ላስቲክ አወጣሁ። «ምነው?» ስለው «የጾም እኮ ነው እማ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሥጋም ወተትም የለበትም። የብስኩቱን ላስቲክ አዙሬ አነበብኩት፦ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ ጨው፣ ከዚያ የማላውቃቸው ቁጥሮች። ቀድሞ የሚጻፈው በብዛት ያለው ነው፤ ስለዚህ ስኳሩ ከዱቄቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው ማለት ነው። ይኼም ከዕፅዋት የተሠራ ነው፣ ምስሩም ከዕፅዋት ነው። ሁለቱን «የአትክልት ምግብ» ብላችሁ በአንድ ስም ስትጠሯቸው ግን ልቤ አዘነ።

ሥጋውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር ያመጣል ብሎ በመጀመሪያው ምድብ ያስቀመጠው እንደ ሞርታዴላና ሶሴጅ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ነው። ቀይ ሥጋን «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ምድብ ነው ያስገባው። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የሚበላ ሰው በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ18 በመቶ ይጨምራል ተብሏል፤ ይህ ግን ከመቶ ሰው 18ቱ ይታመማል ማለት ሳይሆን፣ ድሮም የነበረው ዕድል የራሱን 18 በመቶ ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው፣ ይህን ሳታብራሩ ቁጥሩን ብቻ ስታወጡት ሰው ይደነግጣል። የኛው ቋንጣ እንኳ በጨው የሚደርቅ ስለሆነ የሚቆጠረው ከተቀነባበረው ወገን ነው። ይህን ሳውቅ ገርሞኛል።

ጠዋት ወደ ከፊራ ገበያ ወርዶ የግመል ሥጋ ገዝቶ የሚመለስ ሰው ግን ሌላ ነው። ግመል ስቡን ሻኛው ላይ ስለሚያጠራቅም ሥጋው ጮማ አይበዛበትም። ጎረቤቴ በድንች ስትቀቅለው ሽታው እኛ ግቢ ይደርሳል፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ሥጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጨውና ሄል ነው፣ በቃ። ጥሬ ሥጋን ግን አልደግፍም፣ የኮሶ ትል የሚመጣው ከዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ። 20 ሰዎችን አንድ ቦታ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ሰጧቸው። የቀረበው ስኳር፣ ስብና ጨው ተቀራራቢ ነበር፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፣ በሁለት ሳምንት ወደ አንድ ኪሎ ጨመሩ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ልጄን «ሆዳም» ብዬ አልቆጣም።

ጭራሽ ሥጋ ተዉ የምትሉትም ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት እንደማይገኝ አብራችሁ ጻፉ። ዓመቱን ሙሉ ሥጋም እንቁላልም ወተትም ለማይቀምስ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ከሚሸጠው የታሸገ ምግብ ብዙው ከውጭ የገባ ነው፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ነው፣ ፊደሉም ደቃቅ። እናቴ ለልጅ ልጇ ብስኩት ስትገዛ የምታየው ሥዕሉን ብቻ ነው። አቦ፣ በሚቀጥለው እትም የፓኬቱ ጀርባ እንዴት እንደሚነበብ አንድ ገጽ ስጡን፣ ቆርጬ ኩሽናዋ ግድግዳ ላይ እለጥፍላታለሁ።

አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ